ገመዱ በእጃችን ነበር

እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ተቋራጭ ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ሲያገላብጥ አንድ ፎቶግራፍ ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ዓባይ ላይ የተሠራ፣ ወገቡ የተቆረጠ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ ነው። በወዲህና በወዲያ ጫፍ ወንዶች ተሰልፈው ገመድ ጨብጠዋል፤ በገመዱ ላይ አንድ መንገደኛ ከወንዙ በላይ ተንጠልጥሎ ይሻገራል። ድልድዩ የእኛው ሰባራ ድልድይ ነው፤ የሞጣን አገር ከደቡብ ጎንደር ጋር የሚያገናኘው፣ በአፄ ፋሲል ዘመን እንደተገነባ የሚነገርለት፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ የተሰበረው።

ፍራንዝ አይቶ አላለፈም። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለ ድርጅት አቋቋመ፤ በ2002 ስብራቱ ተጠገነ። በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ደግሞ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። (ዓመቱን በፈረንጅ አቆጣጠር የምጽፈው ከሌላው ዓለም ታሪክ ጋር እያነጻጸርኩ ስለምሄድ ነው፤ አንባቢ ይታገሠኝ።) ያ ድርጅት ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር የእግረኛ ድልድይ ሠርቷል። ጅማሬው የእኛ ገደል ነው።

ይህን ታሪክ የሚያነሳ ሁሉ ስለ ድልድዩ ያወራል። ገመድ ስለያዙት ሰዎች ግን የጠየቀ የለም፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። የማያውቁትን ሰው ነፍስ በእጃቸው ይዘው ከአፋፍ ወደ አፋፍ ያሳልፉ ነበር። የትኛው ገመድ እንደሳሳ፣ የሚሻገረው ሰው የት ላይ እንደሚታሰር፣ ማን እንደሚስብ፣ ማን እንደሚለቅ፣ ትእዛዙ ከማን አፍ እንደሚወጣ ሳያውቁ ያንን ሥራ መሥራት አይቻልም። ሌላ አገር ቢሆን ይህ እውቀት ሙያ ይባላል፤ ደመወዝ፣ ማኅበር፣ የምስክር ወረቀት፣ ለልጅ የሚተላለፍ ስም ያስገኛል። እኛ ዘንድ ድልድዩ ሲቆም ሥራው አበቃ። ማብቃቱ ደግ ነው፤ ሰው ዘመድ ለመጠየቅና ገበያ ለመሄድ ዓባይ ላይ መንጠልጠል የለበትም። እውቀቱ ግን አብሮ ማብቃት አልነበረበትም። ዓለም ሁሉ ፎቶውን አየ፤ እኛም አየነው፤ ከመካከላችን «እነዚህን ሰዎች ይዘን የገደል መሪ ብናሠለጥንስ?» ያለ አልተገኘም። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሻሞኒ የሚባል የተራራ ሥር መንደር አለ፤ ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ ነው። የዛሬ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ገደማ ኑሮው ከጎጃሙ የጮቄ ተራራ ገበሬ ኑሮ የሚሻል አልነበረም። ሰዉ ከብት ያረባል፣ በአጭር በጋ የምትደርስ ጥቂት እህል ያመርታል፤ ደፋር የሆነው ደግሞ ገደል ለገደል እየዞረ እንደ መስተዋት የሚያበራ ክሪስታል ለቅሞ ይሸጣል፣ የተራራ ፍየል ያድናል። በ1760 ሶሲር የሚባል የጄኔቫ ሊቅ ሞን ብላን ተራራ አናት የሚያደርስ መንገድ ላገኘ ሽልማት እሰጣለሁ አለ። ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በኦገስት 8 ቀን 1786፣ ዣክ ባልማ የሚባል ክሪስታል ለቃሚ ከመንደሩ ሐኪም ከሚሼል ፓካር ጋር አናቱን ረገጠ። ከዚያ በኋላ እንግዳ ይጎርፍ ጀመር። ለእንግዳው መንገድ የሚያሳየው ያው ገበሬ፣ ያው አዳኝ፣ ያው ድንጋይ ለቃሚ ነው።

በ1820 ዶክተር ሃሜል የሚባል ሰው ይዘው የወጡ መሪዎች የበረዶ ናዳ ደረሰባቸው፤ ሦስቱ ሞቱ። የመንደሩ ሰዎች ቀብረው፣ አልቅሰው አልቀሩም። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1821፣ የሻሞኒ መሪዎች ማኅበርን መሠረቱ። ሥራው በተራ እንዲሆን፣ ዋጋው እንዲወሰን፣ ለሞተ መሪ ቤተሰብ መርጃ የሚሆን ገንዘብ እንዲቀመጥ አደረጉ። ማኅበሩ ዛሬም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖት አለ። በ1965 ደግሞ የፈረንሳይ፣ የስዊስ፣ የኦስትሪያና የጣሊያን መሪዎች ተሰብስበው ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን አቆሙ፤ ዛሬ በብዙ አገር የተራራ መሪ የሚመዘነው በዚያ መስፈርት ነው።

ከዓባይ ገደል ወገብ ላይ በገመድ ወርዶ የገደል ማር የሚቆርጥ ሰው ከዣክ ባልማ በምን ያንሳል? እሱም እንደ ባልማ ድሃ ነው፤ እሱም ሌላው ሰው ቀና ብሎ ለማየት የሚፈራውን አለት ለእንጀራው ሲል ይደርስበታል። የተለየው ከባልማ በኋላ የመጣው ትውልድ እንጂ ባልማ ራሱ አይደለም።

«ገደል ለመውጣት መሪ መቅጠር ምን ያደርጋል? እግር ላለው ሰው መንገድ ይከራያል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ይህ ጥያቄ ራሱ ምን ያህል እንደተዘናጋን ያሳያል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሻገር ሰው በመኪና መስኮት የሚያየው ግድግዳ አንድ ዓይነት ድንጋይ አይደለም። ከላይ ጥቁሩ ባዛልት አለ፤ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፤ ዝቅ ሲል አሸዋ ድንጋይ። ባዛልቱ ሲያዩት ብረት ይመስላል፤ ግን በቁሙ እየተሰነጠቀ ምሰሶ ምሰሶ ሆኖ የተደረደረ ነው፤ ክረምት ውኃ ገብቶበት፣ ፀሐይ ደግሞ ገርፎት፣ አንዱ ምሰሶ በዝምታ ይለቃል። እጁን የሚያሳርፍበትን ድንጋይ መጀመሪያ አንኳኩቶ ድምፁን የሚሰማ ሰው ያስፈልጋል፤ ባዶ ድምፅ የሰጠ ድንጋይ የሚይዙትም የሚረግጡትም አይደለም። ይህን ከመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፤ ጆሮን ማሠልጠን ግን ዓመታት ይፈጃል። መሪ የሚከፈለው ለዚያ ጆሮ ነው።

ገመዱም ቢሆን ገመድ ስለሆነ ብቻ አያድንም። ከገበያ የምንገዛው መጫኛ ለጭነትና ለከብት የተሠራ ነው፤ አይለጠጥም። ከላይ የወደቀ ሰው በማይለጠጥ ገመድ ድንገት ሲያዝ ገመዱ ባይበጠስ እንኳ አከርካሪው ይጎዳል። ለአለት መውጫ የሚሠራው ገመድ ግን ሲወድቁበት ይለጠጣል፣ የውድቀቱን ጉልበት ይውጣል። ማሰሪያውም አንድ ቦታ ብቻ አይታሰርም፤ አንዱ ቢነቀል ሌላው እንዲይዝ ሁለት ሦስት ቦታ ይከፋፈላል። ስለት ያለው የድንጋይ ጠርዝ ገመዱን እንዳይበላው ይታያል፤ ፀሐይ የጠገበና ዕድሜው ያለፈ ገመድ ይጣላል። ከመነሳታቸው በፊት መሪው የእንግዳውን ቋጠሮና መታጠቂያ ያያል፤ እንግዳውም የመሪውን። ቀላል ይመስላል። ይህን ቀላል ነገር ዘለው የሞቱ ግን ጀማሪዎች ብቻ አይደሉም።

መሪ ካለ ሞት የለም ብዬ አልዋሽም። ማተርሆርን የተባለው ተራራ በጁላይ 14 ቀን 1865 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ሰባት ነበሩ፤ ሲወርዱ አንዱ ጀማሪ እግሩ አዳለጠውና ሌሎቹን ሳበ፤ ገመዱ ተበጠሰ፤ አራቱ ሞቱ። ከሞቱት አንዱ ሚሼል ክሮ የሚባል የሻሞኒ መሪ ነው። የተበጠሰው ገመድ ይዘዋቸው ከነበሩት ሁሉ ደካማው እንደነበር ከሞት ከተረፉት አንዱ የሆነው ዊምፐር ራሱ ጽፎታል። አውሮፓ ከዚያ ሞት የተማረችው ተራራ አትውጡ የሚል አልነበረም፤ ከማን ጋር፣ በምን ገመድ፣ ምን ያህል የሠለጠነ ሰው ይዛችሁ የሚል ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ግን መሪ «ዛሬ አንወጣም» ይላል። ጮቄ ከፍታው 4,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ከቆላ የመጣ ሰው እዚያ ሲደርስ ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ ሕመሙ ሲብስ መፍትሔው መውረድ ብቻ ነው። በክረምት ከቀትር በኋላ በረዶና መብረቅ ይመጣል። ታች የዓባይ በረሃ ደግሞ ሙቀቱ ሌላ፣ ወባው ሌላ። እንግዳው ከሩቅ መጥቶ፣ ገንዘቡን ከፍሎ፣ አናቱን ሳይነካ መመለስ አይፈልግም፤ ጓደኛው አብሮት ከሆነ ደግሞ በእልህ ይገፋፋሉ። «ተመለሱ» የሚለው በሙያው ኃላፊነት የተጣለበት ሰው ብቻ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር አይዘንጋ፤ በምሥራቅ ጎጃም ገደል ላይ እግሩ የተሰበረን ሰው መጥቶ የሚያነሳ ሄሊኮፕተር የለም። የሚያወርደው የሰፈር ሰው ነው፤ ቃሬዛውም የሰፈር ቃሬዛ ነው። ሰውየውን ሳያንገላታ እንዴት ከአለቱ እንደሚያወርድ የሚያውቅ፣ የደም መፍሰስ የሚያቆም፣ የተሰበረ አጥንት የሚያስር አንድ ሰው በቡድኑ ውስጥ መኖርና አለመኖር የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

ሌላም አለ፤ ፈረንጆቹ የሚጽፉት መመሪያ ላይ አይገኝም። የእኛ ገደል ባዶ አይደለም። አናቱ ላይ ደብር አለ፣ ሥሩ ጠበል አለ፣ መሐሉ ላይ የአንድ ባሕታዊ ዋሻ ይኖራል። ጠበል ከሚፈልቅበት አለት ላይ መዶሻ ይዞ ብረት የሚመታ እንግዳ ጠብ ይጭራል፤ ጥፋቱም የእሱ ብቻ አይሆንም። የአገሩ ልጅ የሆነ መሪ የትኛው ገደል እንደሚወጣ፣ የትኛው እንደማይነካ፣ ከማን ፈቃድ እንደሚጠየቅ፣ የቄሱ ስም ማን እንደሆነ ያውቃል። ከሻሞኒ የመጣ መሪ ቋጠሮውን የቱን ያህል ቢያውቅ ይህን አያውቅም።

ሙያው ለአገራችን እንግዳ እንዳይመስል ደግሞ ትግራይ ውስጥ የደብረ ዳሞ ገዳም አለ። ከስድስተኛው መቶ ዘመን ጀምሮ፣ ከአቡነ አረጋዊ ወዲህ፣ መነኮሳቱ ወደ 15 ሜትር የሚሆነውን ቀጥ ያለ ገደል በጠፍር ይወጡታል፤ ጠፍሩን ታች ያለው ይይዛል፣ ሌላ ጠፍር በሚወጣው ሰው ወገብ ላይ ይታሰራል፣ ላይ ያለው መነኩሴ ይስባል። በዓለም ላይ በገመድ መውጣትን እንዲህ ሳያቋርጥ የያዘ ማኅበረሰብ ስንት ነው? ገርዓልታ ላይም አቡነ የማታ ጉሕ ቤተ ክርስቲያን ድረስ እንግዳውን በባዶ እግሩ የሚያወጡ የአካባቢው ወጣቶች አሉ፤ እግሩን ይዘው የሚረግጥባትን ጉድጓድ ያሳዩታል፣ እጁን ይመሩታል።

ታዲያ የትግራይን የአሸዋ ድንጋይ ማማዎች በዘመናዊ ገመድ ወጥቶ ስማቸውን ለዓለም ያስተዋወቀ ማን ነው? እንግሊዛዊው ፓት ሊትልጆን ነው፤ ራሱ ስዊዘርላንድ ውስጥ የተራራ መውጣት ትምህርት ቤት ይመራ የነበረ ሙያተኛ። ከእሱ በኋላ አሜሪካዊቷ ማይካ በርሃርት ሴት ጓደኞቿን ይዛ መጣች፤ በ2008 ቨርቲካል ኢትዮጵያ የሚል መጽሐፍ አሳተመች። ምስጋና ይግባቸው። መጡ፣ ወጡ፣ ጻፉ፣ ሄዱ። እኛ ሻይ አፈላን፣ ፎቶ ተነሳን። እያንዳንዳቸው ሲመጡ ሁለት ሁለት ልጅ አብራችሁ አውጡልን፣ ገመዳችሁን ተዉልን፣ ቋጠሮውን አሳዩልን ብንል ኖሮ ዛሬ የእነዚያ ልጆች ተማሪዎች መሪ ሆነው በነበረ። ከዚያ 2020 መጣ፣ ጦርነቱ መጣ፤ ገርዓልታ እንግዳ አጣ።

ሌላው ድሃ አገር እንዲህ አላደረገም። ቴንዚንግ ኖርጋይ ዕቃ ተሸካሚ ሆኖ ነው የጀመረው። በ1953 ኤቨረስትን ከሂላሪ ጋር ሲወጣ ሕንድ ጭብጨባ ብቻ አልሰጠችውም፤ በማግሥቱ ዓመት ዳርጂሊንግ ላይ የሂማላያ ተራራ መውጣት ኢንስቲትዩትን አቁማ የመስክ ሥልጠናውን ለእሱ ሰጠች። ኔፓል ፎርትሴ መንደር ውስጥ ደግሞ ከ2003 ጀምሮ ሸርፓዎች ቋጠሮ፣ ገመድ አያያዝና የነፍስ አድን ሥራ የሚማሩበት ትምህርት ቤት አለ። ከጎናችንም ታንዛኒያ ኪሊማንጃሮን ያለ መሪ መውጣት ከልክላለች፤ የሞሺና የአሩሻ ወጣት በዚያ ሕግ እንጀራ ይበላል። እኛም ብንሆን ሰሜን ተራሮች ላይ ቀምሰነዋል፤ ደባርቅ ላይ አስጎብኚው ማኅበር አለው፣ እንግዳው ያለ ስካውት (ጠባቂ) አይገባም። ግን በእግር የሚኬደው ላይ ቆምን፤ በገመድ የሚወጣውን ለፈረንጅ ተውንለት።

ጎጃምን ሳስብ ደግሞ ቁጭቴ ይብሳል። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ የሚወጣ ሰው በሮብ ገበያ ያልፋል። በገበያው ቀን ድንቹ፣ ገብሱ፣ በጉ ከደጋው ይወርዳል፤ ገበያተኛው አህያውን የሚጭንበትን መጫኛ እየፈታ እያሰረ ይውላል። ያ እጅ ለገመድ እንግዳ አይደለም። ከዚህ ጫፍ ጮቄ፣ ከዚያ ጫፍ የዓባይ ገደል፣ መሐል ላይ ቢቸና፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅ፣ መርጡለ ማርያም፣ ሞጣ፤ አንድ እንግዳ ሳምንት ሙሉ ቢዞር የማይጠግበው አገር ነው። በ2022 መጨረሻ የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደርን ከዓመቱ የዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ተርታ አስገባው። ጮቄ ከዚያ ቀደም እንዲህ ያለ ስም አግኝቶ አያውቅም። በሩ ተከፍቶ ነበር።

ስሙ ሲጠራ ግን ዝግጅት አልነበረንም። በእግር የሚያዞሩ ደጋጎች ነበሩ፤ የሠለጠነ ገመድ ያዥ፣ መታጠቂያና የራስ ቆብ የሚያከራይ ቤት፣ የትኛው አለት ጤነኛ የትኛው በሽተኛ እንደሆነ የሚናገር ካርታ አልነበረም። ዓመት ሳይሞላ፣ በ2023 አጋማሽ፣ የአማራ ክልል ወደ ጦርነት ገባ፤ እንግዳውም መንገዱም ቆመ። ሃያ ዓመት ሰላም ነበረን እኮ! ከሰባራ ድልድዩ ፎቶ እስከ 2020 ድረስ ያለውን ማለቴ ነው። ዛሬ ተቀምጠን «ጎጃም ያልታየ ሀብት አለው» የምንለው ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ዓይነት ነው። ሰላም የጎደለው ያለ እኛ ፈቃድ ነው ልንል እንችላለን፤ እነዚያን ሃያ ዓመታት ያባከንናቸው ግን እኛ ነን። የተማርነው ነን፤ አዲስ አበባ ተቀምጠን በየዓመቱ የልማት ማኅበር ድግስ የበላነው ነን፤ ለትምህርት ቤት ጣሪያ ቆርቆሮ ስናዋጣ ለአንድ ጥቅል ገመድና ለአንድ አሠልጣኝ የአውሮፕላን ቲኬት ማዋጣት ትዝ ያላለን ነን። በየቢሮው «የቱሪዝም መስህቦቻችን» የሚል ብሮሹር ያሳተመውም ከዚሁ ከእኛ ወገን ነው፤ ገደሉን ፎቶ አነሳው እንጂ ማን ያውጣው ብሎ አልጠየቀም።

ይህ ሁሉ የሀብታም ፈረንጅ ጨዋታ ነው የሚል ካለ አንድ ነገር ልንገረው። መሪ የሚጠቅመው ለከፈለው ብቻ አይደለም። ገመድ የሚያውቅ ሰው ባለበት ቀበሌ ገደል የገባ ከብት ይወጣል፤ ክረምት ላይ ወንዝ ማዶ የቀረ ሰው ይሻገራል፤ ፏፏቴ አፋፍ ላይ ፎቶ ሲነሳ የተንሸራተተ ልጅ ሬሳው ሳይሆን እሱ ራሱ የሚወጣበት ዕድል ይኖራል። ማር ቆራጩም ቢሆን በአባቱ መጫኛ ላይ የሚለጠጥ ገመድና የራስ ቆብ ቢጨመርለት ለልጆቹ በሕይወት ይመለሳል።

አሁን የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ድልድይ ላይ ገመድ ይዘው ሰው ያሻገሩት ሰዎች አርጅተዋል፤ ያለፉም ይኖራሉ። አባታችሁ፣ አጎታችሁ፣ የሰፈራችሁ ሽማግሌ ከእነሱ አንዱ ከሆኑ፣ ወይም የገደል ማር ይቆርጡ ከነበሩ፣ ሳይውል ሳያድር ተቀምጣችሁ ጠይቋቸው። ቋጠሮውን በእጃቸው ያሳዩአችሁ፤ በስልክ ቅረጹት። የትኛው ገደል እንደሚታመን፣ የትኛው ሰው እንደበላ፣ ገመድ መጣል ያለበት መቼ እንደሆነ ይንገሯችሁ። የሰበሰባችሁትን ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ስጡ። ውጭ አገር ያላችሁ የጎጃም ልጆች ደግሞ፣ ከመካከላችሁ ቅዳሜና እሑድ በየከተማችሁ የመውጫ ግድግዳ ላይ የምትለማመዱ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ የመሪነቱን ትምህርት እስከ ምስክር ወረቀቱ ድረስ ተማሩት። ሰላም ወርዶ የመጀመሪያው ገደል ወጪ እንግዳ ከደጀን ሽቅብ ሲመጣ መሪውን ከናይሮቢ ይዞ እንዳይመጣብን።